ሁለት ነገሥታትና አንድ ጥያቄ

የዓለም ሃይማኖቶችን መግቢያ መማር ስንጀምር ብዙዎቻችን መልሱን ይዘን ነው የመጣነው። የእናት የአባታችን ሃይማኖት እውነት ነው፤ የቀረው ለፈተና ይጠናል፣ አለቀ። ማታ ዶርም ስንመለስ ግን ክርክሩ ይነሳል። አንዱ ይቆጣል፣ ሌላው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ዝም ይላል። ታዲያ የራስን ሳይክዱ የሌላውን እምነት መመርመር ይቻላል ወይ? ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቤተ መንግሥቶችን ያሳየናል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው የህንዱ ንጉሠ ነገሥት የአክባር ነው። አክባር ሙስሊም ነበር፤ የሚገዛው ሕዝብ አብዛኛው ግን ሂንዱ ነው። በ1564 ሙስሊም ባልሆኑት ላይ የተጣለውን የጂዝያ ግብር አነሳ። በ1575 ፋቴፑር ሲክሪ በተባለችው ከተማው «ኢባዳት ኻና» የተባለ የክርክር ቤት አሠራ፤ የአምልኮ ቤት ማለት ነው። መጀመሪያ የገቡት የራሱ ሃይማኖት ሊቃውንት ብቻ ነበሩ። እነሱም ገና ከጅምሩ ማን የት ይቀመጥ በሚል ተጣሉ! ቀጥሎ ብራህማኖች፣ ጃይኖችና የዞሮአስተር ተከታዮች ተጠሩ። በ1580 ደግሞ ከጎዓ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት መጡ። አክባር የሂንዱዎቹን ማሃባራታ ወደ ፋርስ ቋንቋ አስተረጎመ። ካህናቱ ዛሬ ነገ ይጠመቃል ብለው ጠበቁ፤ አልተጠመቀም።

ከእነዚህ ካህናት አንዱ አንቶኒዮ ሞንሴራቴ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ሁለቱም በዓረብ ጠረፍ ተያዙና የመን ውስጥ ለዓመታት ታሰሩ። ሞንሴራቴ ስለ አክባር የጻፈውን መጽሐፍ ያጠናቀቀው እዚያው እስር ላይ ሳለ ነው። እሱ ኢትዮጵያን ሳያይ ቀረ፤ ፓኤዝ ግን በ1603 ገባ።

ሁለተኛው ቤተ መንግሥት እንግዲህ የአፄ ሱስንዮስ ነው። እዚህም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ክርክር ነበረ፣ ንጉሡም ያዳምጥ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ በአዋጅ ተዘጋ። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን ገለጠ። በ1626 በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴዝ ፊት ለሮም መታዘዙን አረጋገጠ፤ ሕዝቡም እንዲከተል ታዘዘ። አመፅ ባመፅ ላይ ተነሳ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ የላስታ ገበሬ በሺህ እየተቆጠረ ወደቀ። ንጉሡ አሸነፈ፤ ግን ማንን ነው ያሸነፈው? የራሱን ሕዝብ! በዚያው ዓመት አዋጁን ሽሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

ይሁን እንጂ አክባርን መልአክ አናድርገው። በ1568 የቺቶርን ምሽግ ሲይዝ ብዙ ሕዝብ አስጨርሷል። ቻይነቱም በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር። ስለዚህም የልጅ ልጁ ልጅ አውራንግዜብ በ1679 ጂዝያን መለሰው። ንጉሥ የሰጠውን ንጉሥ ይነሳል።

የሃይማኖት ፍልስፍና «ለምን ታምናለህ?» ብሎ ይጠይቃል። አዋጅ ግን «እንዲህ እመን» ይላል። ሁለቱን ስናምታታ ነው እኛም ዶርም ውስጥ የምንጣላው። እዚያ አዋጅ የሚያወጣ ንጉሥ የለም፤ ማን የት ይቀመጥ የሚያሰኝም ነገር የለም፣ ሁላችንም አልጋ ላይ ነን። እንግዲያስ ዛሬ ማታ ክርክሩ ሲነሳ ጓደኛችንን እስኪጨርስ እናዳምጠው። ብርድ ልብሱን የተከናነበውንም እንጠይቀው፤ እሱም የሚለው አያጣም።