ስም ሲሸጥ ጃኬቱ ምን ይሆናል?

ከሲያትል ለዕረፍት መጥቶ የነበረ አጎቴ ሲመለስ የዝይ ላባ ጃኬቱን ትቶልኝ ሄደ። ደረቱ ላይ «ኤዲ ባወር» ይላል። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ክርኑ ትንሽ ከመሳሳቱ በቀር ዚፑ ዛሬም ያለ ችግር ይሄዳል። ከዚያ በፊት እኔ ስሙን የማልጠራው የሌላ ታዋቂ ኩባንያ ጃኬት በደህና ገንዘብ ገዝቼ ነበር። በሁለተኛው ክረምት ብብቱ ሥር ተተረተረ። ጓደኞቼ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገዩም፦ «ኩባንያው ተሽጧላ! ከተሸጠ በኋላ ድሮም ዕቃ የለም።»

ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው ወይ? ብዬ የአጎቴን ጃኬት ታሪክ ተከተልኩት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤዲ ባወር የሰው ስም ነው። በ1920 ሲያትል ውስጥ የቴኒስ ራኬት ክር በመወጠር ሥራ የጀመረ፣ ዓሣ ማጥመድና አደን የሚወድ ወጣት ነበር። በ1930ዎቹ አጋማሽ በክረምት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የለበሰው የሱፍ ልብስ ረጠበ፤ ከዚያም በረዶ ሆነ። ብርዱ እንቅልፍ እንቅልፍ እያሰኘው ሊሞት ሲል ለጥቂት ተረፈ። ከዚህ በኋላ ነው ላባ የተሞላ ጃኬት መሥራት የጀመረው። ላባ በባዶ ጨርቅ ውስጥ ከሞላችሁት ተንሸራቶ ታች ይከማቻል፤ ትከሻችሁ ባዶ ይቀራል። እሱ ጨርቁን በመስመር በመስመር እየሰፋ ላባውን በየክፍሉ አሰረው። «ስካይላይነር» የተባለው ይህ ጃኬት በ1936 ወጣ፣ በ1940 ደግሞ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ አየር ኃይል በራሪዎች የብርድ ልብስ ሰፋ። በ1963 ጂም ዊታከር ኤቨረስት ጫፍ ላይ የቆመ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሲሆን የለበሰው የዚሁ ሰው ቤት ሥራ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ልብሱን የሚሰፋው፣ የሚሸጠውና ብርድ ላይ ወጥቶ የሚሞክረው አንድ ሰው ነው። ስፌቱ ቢላላ መጀመሪያ የሚበርደው ባለቤቱ ነው።

ባወር በ1968 ድርሻውን ለሸሪኮቹ ሸጦ ጡረታ ወጣ። በ1971 ድርጅቱን የገዛው ጀነራል ሚልስ ነው። አዎ፣ ቺሪዮስ የተባለውን የቁርስ እህል የሚያመርተው! በ1988 ደግሞ ስፒግል ለተባለ የካታሎግ ነጋዴ ተላለፈ። በነዚህ ዓመታት ሱቆቹ በየገበያ ማዕከሉ ተስፋፉ፤ የኤቨረስቱ ቤት ሸሚዝና የቢሮ ሱሪ መሸጥ ያዘ፤ ስሙ ፎርድ መኪና ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። በ2003 ስፒግል ከሰረ። በ2009 ራሱ ኤዲ ባወር ከስሮ ጎልደን ጌት ካፒታል ገዛው። ከ2021 ወዲህ ስሙ በኦተንቲክ ብራንድስ ግሩፕ እጅ ነው። የዚህ ድርጅት ሥራ የታወቁ ስሞችን ገዝቶ ለሌሎች አምራቾችና ነጋዴዎች ማከራየት ነው።

እስከዚህ ጓደኞቼ ልክ ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጥራቱን የሚያወርደው ውሉ የተፈረመበት ቀን አለመሆኑ ነው። መጀመሪያ የሚለወጠው ደንበኛው ነው። ከመኪና ማቆሚያ እስከ ቢሮ የሚሄድ ሰው ስፌት አይፈትንም። ዋጋው ትንሽ ቢቀንስለት ደስ ይለዋል፤ ጨርቁ መሳሳቱን ግን አያውቅም። ተራራ የሚወጣው ደንበኛ ከመቶ አንድ ሲሆን የእሱ ቅሬታ ስብሰባ ላይ አይነሳም። ገዢው በብድር ገዝቶ ከሆነ ደግሞ ወለዱ ከየትም አይመጣም፤ ወይ ከክሩ፣ ወይ ከዚፑ፣ ወይ ከሰፊው ደመወዝ ይቆረጣል።

ግን ታሪኩ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። ኖርዝ ፌስን ዳግ ቶምፕኪንስና ሱዚ ቶምፕኪንስ በ1966 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ መሠረቱት፤ በ1968 ለሃፕ ክሎፕ ሸጡት። በድንኳን ሥራ ታሪክ የሚነሳለትን ክብ ቅርጽ ያለውን ድንኳን ያወጣው በ1975፣ ማለትም ከተሸጠ በኋላ ነው! ገዢው የተራራ ሰው ነበር። ቪኤፍ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ በ2000 ሲጠቀልለው ደግሞ ኖርዝ ፌስ ቀድሞውኑ በሒሳብ መዝገብ ቅሌት ተናግቶ ነበር። የካናዳው አርክቴሪክስ ከ2001 ጀምሮ በሳሎሞን፣ ቀጥሎ በፊንላንዱ አመር ስፖርትስ፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ በቻይናው አንታ በሚመራ ቡድን ሥር ነው፤ ተራራ ወጪዎች ግን ዛሬም ይፈልጉታል። ራሱ ኤዲ ባወርም ቢሆን በከሰረበት በ2009 «ፈርስት አሴንት» የተባለ የተራራ ልብስ ከተራራ መሪዎች ጋር ሠርቶ አውጥቷል፤ ከመሪዎቹ አንዱ የዚያው የዊታከር የወንድም ልጅ ነው።

ኤል ኤል ቢን ደግሞ ለማንም አልተሸጠም። ከ1912 ጀምሮ በቤተሰቡ እጅ ነው። መሥራቹ መጀመሪያ ከሸጣቸው 100 ጥንድ ቦቲዎች 90ው ተበላሽተው ሲመለሱ ለሁሉም ገንዘባቸውን የመለሰ ሰው ነው። ያው ቤተሰብ በየካቲት 2018 ያለ ጊዜ ገደብ የመመለስ መብቱን ወደ አንድ ዓመት አሳጠረው። ያቀረበው ምክንያት ሰዎች አሮጌ ዕቃ ይመልሳሉ የሚል ነበር። ሊሆን ይችላል። የእኔን ዓይን የሚይዘው ግን ሌላ ነው፦ ዕቃው በሦስተኛ ዓመቱ ሲቀደድ ኪሳራው የሻጩ ከሆነ ሻጩ ስፌቱን ይጠብቃል፤ የገዢው ከሆነ ግን የሚያስጨንቀው ነገር ይቀንሳል። ለዚህ ባለቤት መለወጥ አላስፈለገም።

የአጎቴ ጃኬትም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዚያው ዘመን ተሰፍተው ተቀዳደው የተጣሉትን ማንም አላወረሰኝም። የማየው የተረፈውን ብቻ ነው።

ቢሆንም ሁለቱን ጃኬቶች ይዤ ሠፈራችን ወዳለው ልብስ ሰፊ ሄድኩ። ማን ማንን ገዛ የሚለውን አልነገርኩትም። ሁለቱንም ገልብጦ በጣቱ እየዳሰሰ አየ። የአሮጌው ጠርዝ ታጥፎ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል፤ የአዲሱ በአንድ መስመር ብቻ አልፏል፣ የጨርቁም ጫፍ ሳይታጠፍ ቀርቷል። «ይቺ ስትሰፋ የሚቸኩል ሰው አጠገቧ ነበር» አለኝና በወፍራም ክር ሁለት መስመር ሰፋልኝ። ቦርሳዬን ሳወጣ «ከዚያኛው ምንም አልነካሁ፣ የአንዱን ክፈል» አለ።