የደቡቡ መንገድ

ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ድሮ ዋቸሞ ነበረች፤ በምኒልክ ዘመን በበዓሉ ስም ሆሳዕና ተባለች። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ሰዎች መጡ። ጣልያን በወረራው ጊዜ አስወጣቸው፤ ሲመለሱ ትተውት ከሄዱት እጅግ የበዛ ምእመን ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ በሐዲያና በከምባታ መጽሐፉ የቤት ወሬ ሆኗል።

ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ስደትም የሚወራው በዚሁ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ የውጭ አገር ሰባኪ ሆሳዕና መጥቶ፣ እግዚአብሔር ወደ ደቡብ መንገድ እንደሚከፍት ተናገረ ይባላል፤ ደረጀ ፈይሳ ስለ ሐዲያ ስደት ባጠኑት ጥናት ላይ ይህን ትንቢት አንስተውታል።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ነገሩን የማየው እንደ ኔትወርክ ነበር። አፓርታይድ እ.ኤ.አ. በ1994 አበቃ፣ አንዱ ሄደ፣ ሱቅ ከፈተ፣ ወንድሙን ሳበ። ትንቢት ለምን ያስፈልጋል?

ታላቅ ወንድሜ ሊሄድ ሲል ግን መልሱን ቤታችን አየሁት። የደላላውን ብር የቆጠርነው አንድ ማታ ነው፤ የጸለይነው ብዙ ሌሊት። ሂሳቡ መንገዱን ያሳያል፤ ልጅን በዚያ መንገድ ለመሸኘት የሚያስችለው አንጀት ግን ከሂሳብ አይገኝም።

እናቴ ያን ሰሞን የዮሴፍን ታሪክ ታስነብበኝ ነበር። እሷ የምትሰማው መጨረሻውን ነው፤ በረሃብ ዘመን ቤተሰቡን የመገበውን ልጅ። እኔ ዛሬ የሚከነክነኝ መጀመሪያው ነው። ዮሴፍን ወንድሞቹ ሸጡት። እኛ የሸጥነው መሬት ነው፤ የሄደው ግን እሱ ነው።

በላከው ብር ቤት ሠርተናል። እስካሁን ያየው በስልክ ብቻ ነው።