ዶቅዶቄዋና ኮታው

መቼስ ስለ ታሪክ ሲወራ ቤተ መንግሥቱ፣ ጦር ሜዳውና ሐውልቱ ይቀድማሉ። ዛሬ ግን ጓሮ ልንወስዳችሁ ነው። ቦታው አርሲ ነገሌ፣ የአጎታችን ግቢ፣ ከማገዶው ክምር ጀርባ። እዚያ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍና ዶሮ የሚያድርባት አንዲት ሞተር ሳይክል ነበረች። (ነበረች ያልነው ዶሮዎቹን ስላስነሳናቸው ነው።)

«እኛ» ስንል ሁለት ነን። አንዷ ጋዜጠኝነት ተመርቃ የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ሸሽታ የመጣች፤ ሌላው ዩቲዩብ አይቶ መካኒክ ሆኛለሁ የሚል ታናሽ ወንድሟ። ነገሩ የጀመረው ቆራሌው በር ላይ ቆሞ «አሮጌ ብረት አለ?» ያለ ዕለት ነው። አጎታችን ቀና እንኳ ሳይሉ «ያቺን ሞተር ውሰዳት» አሉት። ዋጋ አልተከራከሩም። ሽንኩርት ሳይከራከሩ የማይገዙ ሰው! ያኔ መጠርጠር ነበረብን። እኛ ግን የታየን ሌላ ነው። አዲስ አበባ አሮጌ ቮልስዋገን አድሰው በኩራት የሚነዱ ልጆች አሉ፤ ታዲያ እኛ ከማን እናንሳለን? «ጋሼ፣ እባክዎ ለእኛ ይተዉልን» ብለን ለመንናቸው። ዝም ብለውን ወደ ቤት ገቡ። ዝምታውን እሺታ አደረግነው።

ከረጢቱ ሲነሣ ያማሃ ዲቲ 125 ሆና ተገኘች። አጎታችን በመንግሥት ሥራ ዘመናቸው ሲነዷት የኖሩ፣ በኋላም መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲሸጥ በ1986 ዓ.ም. የገዟት ናት። በ1993 ዓ.ም. መንገድ ላይ ነክሳ ቆመች፤ እየገፉ አመጧት፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ የዶሮ ነበረች።

ለነገሌ ያልተሠራች ማሽን

ለነገሩ ይህች ሞተር ስትታሰብ ነገሌን ያሰበ አልነበረም። ያማሃ የዚህን ዘር የመጀመሪያዋን ሞተር ዲቲ 1ን በ1968 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ዓይኑ አሜሪካ ላይ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ በረሃና ጫካ ውስጥ እየዘለሉ የሚዝናኑ ወጣቶች ላይ። ትንሿ 125 ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች። አንድ ሲሊንደር፣ 123 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር። ባለ ሁለት ምት ማለት እንደ መኪና ሞተር ቫልቭ የላትም፤ ዘይቱንም ከቤንዚኑ ጋር አብራ ታቃጥለዋለች። ሰማያዊው ጭስና «ዶቅ ዶቅ» የሚለው ድምፅ ከዚህ ነው። ቀላል ናት፣ ከመሬት ከፍ ያለች ናት፣ በእግር ተመትታ ትነሣለች፣ ባትሪዋ ቢሞት እንኳ እሳቷን ራሷ ታመነጫለች።

ታዲያ ለአሜሪካዊው መጫወቻ የሆነው ነገር አስፋልት ለሌለው አገር መሥሪያ ሆነ። እኛ አገር አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በኩል ለአጤ ምኒልክ ያመጣው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ደግሞ የተቋቋመው ከ43 ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ በዓለም ባንክ ብድር ነው። መኪናው ቀድሞ መንገዱ ዘገየ ማለት ነው። ዋናው ጎዳና ተሠርቶም ከጎዳናው ወደ ገበሬው ቀዬ የሚወስደው የከብት መንገድ ነበር። የግብርና፣ የጤናና የእርዳታ ድርጅት የመስክ ሠራተኞች እንዲህ ዓይነት ሞተር ላይ የወጡት ለዚህ ነው።

የጃፓን ሞተር፣ የጣሊያን አፍ

የከተማችን መካኒክ ሞተሯን ዞር ዞር ብሎ አየና ዝርዝሩን ነገረን፤ ካንዴላዋ ይቀየር፣ ፍሪሲዮኗ ተጣብቋል፣ ቴስታታው ይነሣ፣ ማርሚታው በጭስ ታፍኗል፣ ቸርኬው ተጣሟል፣ ፓራፋንጎው ላሜራ ይጠገን፣ ለጎማው ጎሚስታ ዘንድ ሂዱ። «እስቲ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብሉኝ!»

ልብ ብላችኋል? ሞተሯ ጃፓን፣ መካኒኩ የነገሌ ልጅ፣ ቃሉ ሁሉ ጣሊያንኛ! ሰውየው ጣሊያን አገርን በእግር ኳስ ካልሆነ አያውቃትም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከታንኩና ከመርዝ ጋዙ ጋር የጭነት መኪናና ሞተር ሳይክል ይዞ ነበር፤ ሞቶ ጉዚ የተባለው ሞተር የሠራዊቱ የመልእክተኛ ፈረስ ነበር። ይህ የሐይቆቹ መንገድም ጦርነቱን አይቶታል፤ የእንግሊዝ ወገን የአፍሪካ ወታደሮች ከእኛ በስተደቡብ ያለችውን ሻሸመኔን የያዙት ግንቦት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ወራሪው ሲወጣ ግን ሁሉም ጣሊያናዊ አልሄደም። ንጉሡ የእጅ ሙያ ያላቸውን አስቀሩ፤ የእኛ ልጆች በእነሱ ጋራዦች መፍቻ አቀባይ ሆነው ገቡና ሙያውንም ቃሉንም ተማሩ። ከልጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ እዚህ ደረሰ። ሙዚየም ገብተን የማናገኘውን ታሪክ ዘይት በነካ እጅ ስር አገኘነው። ቃሉን እየተጠቀምንበት ከየት እንደመጣ አንጠይቅም እንጂ።

ዘጠኝ ቀን በናፍጣ

የጥገናውን ነገር ባጭሩ እንንገራችሁ። ፒስተኗ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቃለች። ምክንያቱም ታወቀ፤ ዘይቱን ለሞተሩ የምትመጥነው ትንሽ ፓምፕ ደርቃለች፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ያለ ዘይት ደቂቃ አትኖርም። በካንዴላው ቀዳዳ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለን አፈሰስንና ጠበቅን። ወንድማችን በየማለዳው መምቻውን በእግሩ ይጫናል፤ እምቢ! በዘጠነኛው ቀን «ቂ…ጥ» አለች። ጮኸን ጎረቤት ቀሰቀስን።

ሲሊንደሩ ተጭሮ ስለነበር ሻሸመኔ ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ባለሙያው «መጀመሪያ ፒስተኑን አምጡ» ብሎ መለሰን። ልክ ነው፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በተገኘው ፒስተን ልክ ነው እንጂ ፒስተን በቀዳዳ ልክ አይፈለግም። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞረን በግማሽ ሚሊ ሜትር የሰፋ አገኘን። የነዳጅ ታንኩን ዝገት በአቼቶና በጠጠር እያንቀረቀብን አጠብነው። ካርቡሬተሩ ግን አስቸገረን። በስፒል ጫፍ የምታህለው የነዳጅ ቀዳዳ በደረቀ ቤንዚን ተደፍናለች። መድኃኒቱ ከየት መጣ? ከነገሌ ነዋ! አረቄ የምታወጣው ጎረቤታችን እትዬ «ይሄ ያላጠራው ነገር የለም» ብለው ዳግም አረቄያቸውን በብርጭቆ ሰጡን። ካርቡሬተሩ ሰክሮ አደረ፤ ጠዋት ቀዳዳዋ ብርሃን አሳየች። (የቀረውን አረቄ የት እንዳደረስነው አትጠይቁን።)

ፓምፗን ትተን ዘይቱን በእጃችን ቀላቀልን፤ ለ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊ ሊትር ዘይት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወንድማችን መታት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስምንቴ… ከዚያ ግቢውን ሰማያዊ ጭስ ሞላው። ዶቅ ዶቅ ዶቅ! እኛ ተቃቀፍን። አጎታችን በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። አልሳቁም።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቆጥር መጣች?»

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ እኛ አካኮ የምንላቸው፣ በትራቸውን ይዘው መጡ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሞተሯን አላዩም፤ ሰሟት እንጂ። በኦሮምኛ «ድምጿን አውቀዋለሁ፤ የኮታዋ ዶቅዶቄ ናት» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዛሬ ደግሞ ማንን ልትቆጥር መጣች?»

የቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው ግን አልቀለዱም።

እንግዲህ ታሪኩ ይኸውላችሁ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሲታወጅ ገበሬው ከባላባቱ ተላቀቀ፤ የገበሬ ማኅበር ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ ግን አዲስ ገዢ መጣ። በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ይሰበስብ ጀመር። ለየማኅበሩ ኮታ ይመደባል፤ ማኅበሩ ለየአባወራው ያካፍላል። ዋጋው ከገበያው በታች ነው። ዝናብ ከዳኝ፣ ዋግ መታኝ ብሎ ነገር የለም። ኮታው የጎደለበት ገበሬ ጥጃውን ሸጦ፣ እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል! ነጋዴው እህል ከአካባቢ ወደ አካባቢ እንዳያሻግር መንገዱ ላይ ኬላ አለ።

በዚህ ላይ መንደር ምሥረታ መጣ። ከሐረርጌ ተነሥቶ በ1978 ዓ.ም. አርሲንና ሸዋን አዳረሰ፤ ያኔ ነገሌ በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ገበሬው ጎጆውን አፍርሶ፣ ማገሩን በትከሻው ተሸክሞ፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ መልሶ ይተክላል። በአገር ደረጃ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዲህ ተነሥቷል። ኮታው የተነሣው ደርግ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ ነው፤ ብዙ ገበሬም ያን ጊዜ ማገሩን ነቅሎ ወደ ድሮ ቀዬው ተመለሰ።

ይህ ሁሉ ትእዛዝ ከአዲስ አበባ ወጥቶ አካኮ ደጃፍ በምን ደረሰ? መኪና በማይገባበት መንገድ ማን አመጣው? መልሱ ግቢያችን ውስጥ ጭስ እያጨሰ ቆሟል።

ከሰማያዊው ቀለም ሥር

በማግስቱ ታንኩን ቀለም ልንቀባ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ሰማያዊው ቀለም አጎታችን ከጨረታው በኋላ ራሳቸው የቀቡት ነው። ሲለቅ ከሥሩ ነጭ ቀለም ወጣ፤ ነጩ ላይ በቅርጽ የተነፋ የመንግሥት ንብረት ቁጥር። አጎታችን መጥተው አዩት። ቁጭ አሉ። ይህን ያህል ዓመት ያልነገሩንን ያኔ ነገሩን።

ከእርሻ ትምህርት ቤት ወጥተው ሲቀጠሩ 23 ዓመታቸው ነበር። የሠለጠኑት ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ለማስተማር ነው። ሞተሯን ሲረከቡ ከደስታ ብዛት ሌሊት ተነሥተው አይተዋታል። «ጠዋት እንዴት እንደሚያበቅሉ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት ያበቀሉትን እቆጥራለሁ» አሉን። «ልጆች ድምጿን ሲሰሙ ሮጠው ለእናታቸው ይናገራሉ፤ እናት እህል ትደብቃለች። እኔም አውቃለሁ። አንዳንዴ አላየሁም፤ አንዳንዴ ግን አየሁ።» የገዛ አባታቸው ኮታ የተመዘገበበትን መዝገብ የያዙትም እሳቸው ናቸው። «ታዲያ ለምን ገዟት ጋሼ?» ብለን ጠየቅን። «ሌላ ሰው እንዳይነዳት» አሉ።

አሮጌ ማሽን የሚያድሱ ሰዎች በዓለም ዙሪያ አንድ የማያልቅ ክርክር አላቸው። አንዱ ወገን ከፋብሪካ እንደወጣች ትብረቅርቅ ይላል። ሌላው ጭረቷም ዝገቷም ዕድሜዋ ነው፣ አትንኩት ይላል። እኛም ሁለቱን እያነበብን ሳምንታት ተከራክረናል፤ እህት ለጭረቱ፣ ወንድም ለብርቅርቁ። ሁለታችንም ግን የተከራከርነው ስለ ነጂው ሞተር ነው። ድምጿን ከጎጆ ውስጥ ሆኖ የሚሰማውን ሰው አልጠየቅነውም። የታደሰ ነገር ሁሉ ማንን እንዳገለገለ ብቻ ሳይሆን ማንን እንዳስደነገጠም አብሮ ይታደሳል። ያንን በቀለም ሸፍኖ «ያ ደጉ ዘመን» ማለት ይቻላል፤ ብዙዎቻችን የድሮ ፎቶ ስንለጥፍ የምናደርገው እሱን ነው። አጎታችንን ክፉ ሰው ማድረግም እንዲሁ ቀላል ነው። እሳቸው ግን ክፉም ጀግናም አይደሉም፤ ደመወዝ የሚበላ የ23 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከእኛ በዕድሜ የሚያንሱ።

ታንኩን ቀለም አልቀባነውም። ዝገት እንዳይበላው ዘይት አስነካነው፤ ቁጥሩ እንዳለ አለ።

ባለፈው እሁድ አጎታችን ቁልፉን ጠየቁን። አስነሥተው ወጡ፤ እኛም በእግር ተከተልን። መታጠፊያው ጋ፣ አካኮ ቤት ሳይደርሱ፣ ሞተሯን አጠፉ። ወርደው በእጃቸው እየገፉ ገቡ። ቡና ተፈላ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ምን እንደተባባሉ አናውቅም፤ ጋዜጠኛ ብንሆንም አልተጠራንም።

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ቆራሌው ደጃችሁ ሲመጣና ከቤታችሁ ሽማግሌ አንዱ ዋጋ ሳይከራከር «ውሰደው» ሲል ከሰማችሁ፣ እባካችሁ ለአፍታ አስቁሙት። ብረቱን ለማዳን ሳይሆን ለመጠየቅ።

ቸር እንሰንብት።