ዘፈኑ የማን ነው? የዘፈን ፈቃድ ክርክር ከሸክላ እስከ እጅ ስልክ

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ዛሬ በድምፃውያን፥ በአሳታሚዎችና በኢንተርኔት ዘፈን በሚያሰሙ ድርጅቶች መካከል የሚነሣው ክርክር ለብዙ ሰው ትናንት የተወለደ ነገር ይመስለዋል። ሥሩ ግን በሸክላ ዘመን የተተከለ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ያንን ሥር ተከታትሎ ማሳየት ነው።

ከአዲስ አበባ ከሚወጡት መንገዶች ሦስቱን እንውሰድ። የጅማው መንገድ ሰበታን፥ የአምቦው መንገድ ቡራዩን፥ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚሄደው መንገድ ደግሞ ሱሉልታን ያገኛል። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በአዲስ አበባ የተቀዳ ዘፈን በነዚህ መንገዶች ወደ አገር ቤት ሲወጣ አስቀድሞ የሚያልፈው በነሱ ነው። በመናኸሪያና በገበያ አጠገብ አንድ ኮምፒዩተር ያስቀመጠ ወጣት ጥቂት ብር እየተቀበለ የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም ዘፈን በሜሞሪ ካርድና በፍላሽ ይጭናል። ገዢው ዋጋ ከፍሏልና ሰረቅሁ አይልም። ጫኙም የድካሜን ተቀበልሁ ይላል እንጂ የሰው ገንዘብ ነካሁ አይልም። ሆኖም ከዚያ ብር ለግጥሙ ደራሲ፥ ለዜማው ደራሲ፥ ለድምፃዊውና ለአሳታሚው የሚደርስ የለም። እንግዲህ ዘፈኑ የማን ነው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም፥ መልሱ በየዘመኑ ዘፈኑን የሚያባዛውን መሣሪያ እየተከተለ ሲለዋወጥ ኖሯል።

፩. የሸክላ ዘመን

ድምፁ በሸክላ ላይ በመቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ሆነው የሚታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። እርሳቸውም በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ዘፈናቸውን አስቀረጹ። ግጥሙም ድምፁም የእርሳቸው ነበር፤ መሣሪያውና ፋብሪካው ግን የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ሸክላ ያለ ፋብሪካ አይታተምምና፥ ፋብሪካውን ወይም ወደ ፋብሪካው የሚያደርሰውን መንገድ የያዘ ሰው ዘፈኑን እንደ ያዘ ይቈጠራል።

በአገር ውስጥም ይኸው ነገር በሌላ መልክ ታየ። በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ከጠላት ወረራ በኋላ እንደገና ተቋቁሞ ሲሠራ፥ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለብቻው ተሰጠው። የታወቁት ድምፃውያን አብዛኛዎቹ በክብር ዘበኛ፥ በፖሊስ ሠራዊት፥ በማዘጋጃ ቤትና በመሳሰሉት ኦርኬስትራዎች በደመወዝ የሚሠሩ ነበሩ። ዘፋኙ የቤቱ ሠራተኛ ስለ ነበረ ዘፈኑም የቤቱ ሆኖ ይታይ ነበር። ስለ ፈቃድ የሚከራከር ሰው ያልተገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ልማድ የሰበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። በአዲስ አበባ የሸክላ መሸጫ ሱቅ የነበራቸው እኒህ ወጣት ነጋዴ፥ የውጭ አገር ሸክላ ከመሸጥ ይልቅ የአገራቸውን ዘፈን ለማሳተም ቈረጡ። በ1961 ዓ.ም. የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀርጸው በውጭ አገር አሳትመው አስመጡ። ሥራው ሕግ መጣስ ነው ተብለው ቢነገራቸውም አልተመለሱም፤ የማኅበሩም ብቸኛ መብት በእርሳቸው ላይ ሳይሠራ ቀረ። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ፊሊፕስና አቶ አሊ አብደላ ካይፋን የመሳሰሉ ሌሎች አሳታሚዎችም ወደ ገበያው ገቡ። የብቻ መብቱ መሰበር ለዘፋኞች አማራጭ ሰጣቸው። በዚህ ዘመን የተጀመረው የአሠራር ልማድ ግን ዘፈኑን አንድ ጊዜ ቈርጦ መሸጥ ነበር።

፪. ሕጉ ምን ይል ነበር?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1647 እስከ 1674 ባሉት አንቀጾች ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ይናገራል። ስለዚህ አቶ አምሃ የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያሳትሙ የደራሲ መብት በአገሪቱ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን ሁለት ጕድለቶች ይታዩበታል።

አንደኛው፥ ሕጉ የሚጠብቀው ደራሲውን ነው። የሌላውን ግጥምና ዜማ ተቀብሎ የሚዘፍነው ድምፃዊና ገንዘቡን አውጥቶ የሚያስቀርጸው አሳታሚ በስማቸው የተለየ መብት አልተደነገገላቸውም። በዓለም ላይ የዘፋኞችና የድምፅ አሳታሚዎች መብት በስምምነት የታወቀው በ1961 እ.ኤ.አ. በሮማ ውል ነው፤ ኢትዮጵያም በዚያን ጊዜ በዚህ ውልም ሆነ በ1886 እ.ኤ.አ. በተደረገው የበርን ስምምነት ውስጥ አልገባችም። ሁለተኛው፥ መብቱን መዝግቦ፥ ገንዘቡን ሰብስቦ ለባለ መብቱ የሚያደርስ አካል አልነበረም። ሕግ ያለ ሰብሳቢ መኖሩ ማሳ ያለ አጫጅ እንደ መተው ነው።

፫. የካሴት ዘመን

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ አቶ አምሃ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ የሸክላ ሕትመትም በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በእግሩ የተተካው ካሴት ነው። ካሴት ለማባዛት ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም፤ ባለ ሁለት አፍ ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ በቤቱ ፋብሪካ አለው ማለት ይቻላል። እንደ አምባሰልና ኤሌክትራ ያሉ ሙዚቃ ቤቶች ዋና አሳታሚዎች ሆነው የወጡት በካሴት ንግድ ነው። አውቶቡሶቹም ካሴቱን በጅማ፥ በአምቦና በጎጃም መንገድ ይዘውት ሄዱ።

የንግዱ ልማድ እንዲህ ነበር። ድምፃዊው ከግጥምና ከዜማ ደራሲዎች ለየዘፈኑ ዋጋ ተዋውሎ ይቀበላል፤ ሙሉውን ካሴት ደግሞ ለሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጣል። ካሴቱ አንድ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ፥ ለደራሲው የሚጨመርለት የለም። ሙዚቃ ቤቱም በበኩሉ ያለ ፈቃድ በሚያባዙ ሰዎች ይጐዳ ነበር፤ ኪሳራውን ስለሚሰጋም አስቀድሞ የሚከፍለውን ዋጋ ይቈጥባል። ስለዚህ በሰበታ ገበያ የሚሸጠው ቅጂ የሚያሳንሰው የአሳታሚውን ትርፍ ብቻ አልነበረም፤ ገና ያልተጻፈውን የሚቀጥለውን ግጥም ዋጋ አስቀድሞ ያሳንሰው ነበር። በደርግ ዘመን መንግሥት ግጥሙን አጥብቆ ይመረምር ነበር፤ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ ግን የሚመረምር አልነበረም።

፬. አሮጌው ሸክላ በባሕር ማዶ

የድሮ ዘፈን ከጊዜ በኋላ ዐዲስ ዋጋ ሊያወጣ እንደሚችል ያስተማረው የውጭ አገር ገበያ ነው። በ1967 ዓ.ም. ገደማ በካይፋ የታተመው የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 እ.ኤ.አ. በቤልጅግ አገር እንደገና ታተመ። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቡዳ ሙዚክ በሚባለው የፓሪስ አሳታሚ በኩል «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ሲዲዎች ማውጣት ጀመሩ። ለዚህም ከአቶ አምሃ እሸቴ ጋር የፈቃድ ውል አደረጉ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለዓለም አሰማ።

ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። ዘፈን ተሸጦ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ገንዘብ ሊያመጣ ይችላል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የሚሄደው በቅድሚያ የቅጂው ባለቤት መሆኑን በሰነድ ለሚያሳይ ሰው ነው። ግጥሙን በቃል ስምምነት የሸጠ ደራሲ ምን ያሳያል?

፭. ዐዲሱ ዐዋጅ

የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በዐዋጅ ቍጥር 320/1995 ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 410/1996 ወጣ፤ ይህም በዐዋጅ ቍጥር 872/2007 ተሻሽሏል። «ተዛማጅ» የሚለው ቃል የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ጕድለት ሞላ፤ ምክንያቱም ድምፃዊውና የድምፅ አሳታሚው ከደራሲው ጎን በስማቸው መብት አገኙ። የማሻሻያው ዐዋጅ ደግሞ ባለ መብቶች በማኅበር ሆነው የሮያሊቲ ክፍያ የሚሰበስቡበትን መንገድ ዘረጋ።

የመብቱ ዕድሜ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። የደራሲው መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል፤ የአሳታሚው መብት ግን 50 ዓመት የሚቈጠርለት ዘፈኑ ከታተመበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ይህ አቈጣጠር ለቀድሞዎቹ ሸክላዎች የሚያገለግል ቢሆን፥ በ1961 ዓ.ም. የታተመ ሸክላ የአሳታሚነት ዘመኑን በ2011 ዓ.ም. ግድም ይጨርሳል፤ የግጥሙና የዜማው ባለቤትነት ግን ገና ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ዘፈን አንድ ሀብት አይደለም። በውስጡ ልዩ ልዩ ባለቤትና ልዩ ልዩ ዕድሜ ያላቸው መብቶች አሉ።

፮. የእጅ ስልክ ዘመን

አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለው የዘፈን መተግበሪያ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በመተባበር ተጀመረ። ከመሥራቾቹ አንዱ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ያረፈው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ሰዋስው መልቲሚዲያ ሌላ መተግበሪያ ይዞ ቀረበ። የሁለቱም ሐሳብ አድማጩ በስልኩ እየከፈለ ባለ መብቱ ድርሻውን እንዲያገኝ ነው።

እንዲህ ያለ ድርጅት ዘፈን ለማሰማት ሁለት ዓይነት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ የተቀዳው ድምፅ፥ ሁለተኛው የግጥሙና የዜማው። ዐዲስ ሥራ ሲሆን ሁሉንም አስፈርሞ መጀመር ይቻላል። ችግሩ የሚነሣው በአሮጌው ካሴት ላይ ነው። ሙዚቃ ቤቱ «ገዝቼዋለሁ» ይላል፤ ድምፃዊው «የሸጥሁልህ ካሴት ነው፤ ኢንተርኔት በዚያን ጊዜ አልነበረም» ይላል፤ ደራሲው ደግሞ ከሁለቱም ጋር ይከራከራል። እንደ ዩቲዩብ ባለው መድረክም አንዱ የጫነውን ዘፈን ሌላው የኔ ነው ብሎ ያስወርደዋል፥ ወይም ገቢውን ወደ ራሱ ያዞረዋል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኤሚነም የመጀመሪያዎቹ ፕሮዲዩሰሮች የሆነው ኤፍ ቢ ቲ አሳታሚውን አፍተርማዝን ከሶ ነበር። ውሉ ለሚሸጥ ሸክላ ከመቶ 12 እስከ 20፥ ለሌላ ወገን በፈቃድ ለሚሰጥ ቅጂ ግን እኩሌታ እንዲከፈል ይላል። በኢንተርኔት የሚወርድ ዘፈን ሽያጭ ነው ወይስ ፈቃድ? በ2010 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃድ ነው ሲል ወሰነ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩኒቨርሳል የተባለው ታላቅ አሳታሚ ከቲክቶክ ጋር በክፍያ ሳይስማማ ቀርቶ ዘፈኖቹ ከጥር ወር መጨረሻ ጀምሮ ተነሡ፤ የተስማሙትም በግንቦት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፥ በአሜሪካው ክስ ፍርድ የተገኘው የተጻፈ ውል ስለ ነበረ መሆኑን ነው። ዳኛው የሚተረጕመው ቃል በፊቱ ነበረው።

፯. መደምደሚያ

ከላይ የተነገረው ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል። ፋብሪካው፥ የብቻ መብቱ፥ ቴፑና መተግበሪያው በየተራቸው መጡ፤ በየጊዜውም መሣሪያውን የያዘው አስቀድሞ ይጠቀማል፥ ሕጉ ዘግይቶ ይደርሳል፥ ደራሲው መጨረሻ ይታወሳል። ዛሬ ከመተግበሪያው ጋር የሚደረገው ክርክር ትናንት በሙዚቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሳይጻፍ የቀረው ውል ውጤት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይቻላል። መጀመሪያ፥ የዘፈን ውል «ሙሉ በሙሉ ሸጫለሁ» በሚል አንድ ቃል ከመታሰር ይልቅ መሣሪያውን፥ ዘመኑንና የክፍያውን ድርሻ ለይቶ ይጻፍ፤ ገና ያልተፈለሰፈ መሣሪያም ለማን እንደሚሆን ይናገር። ሁለተኛ፥ ገንዘብ ሰብሳቢው ማኅበር ከሁሉ በፊት የደራሲዎችንና የዘፈኖችን መዝገብ ያሟላ፤ ባለቤቱ ካልታወቀ ገንዘቡ ቢሰበሰብም የሚደርስበት ቦታ የለውም። ሦስተኛ፥ በመናኸሪያ ዘፈን የሚጭነውን ወጣት በማሳደድ ብቻ ነገሩ አይፈጸምም። አነስተኛ ክፍያ የሚከፍልበትና በሕጋዊ ፈቃድ የሚሠራበት መንገድ ቢከፈትለት፥ የሰበታ፥ የቡራዩና የሱሉልታ ሱቆች ዛሬ ገንዘብ የሚጠፋባቸው ከመሆን ገንዘብ የሚሰበሰብባቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ለእኛም ለተማሪዎች የሚቀር ሥራ አለ። የካሴት ሽፋን የደራሲውን፥ የአቀናባሪውንና የአሳታሚውን ስም ይዞ የሚገኝ ምስክር ነው። በነዚህ ሦስት ከተሞች በየቤቱ ሣጥንና በየሱቁ መደርደሪያ ብዙ ካሴት ከነሽፋኑ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ከባለቤቶቹ እያስፈቀድን ስሙንና ዓመቱን ብንመዘግብ፥ ያለ ውል የቀረ ደራሲ ወይም ወራሹ አንድ ቀን የሚያሳየው ማስረጃ ያገኛል። ሽፋኖቹ በየዓመቱ እየተጣሉ ነውና መዘግየት አይገባም።