በወር ሁለት ገጽ

አሜሪካዊው ሠዓሊ አርት ስፒገልማን «ማውስ» የተባለውን የኮሚክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1978 ጀምሮ በ1991 ጨረሰው። አሥራ ሦስት ዓመት! መጽሐፉ ግን ወደ 300 የሚጠጋ ገጽ ነው ያለው። ሲካፈል በወር ሁለት ገጽ እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ሰነፍ ነበር እንዴ? በፍጹም። እንጀራው ሌላ ቦታ ነበር። ቶፕስ ለሚባል የማስቲካ ኩባንያ ለሃያ ዓመት ገደማ ከማስቲካ ጋር የሚሸጡ ካርዶችና ተለጣፊ ሥዕሎችን ሲፈጥር ኖሯል። በዚያ ላይ ኒውዮርክ ውስጥ ሥዕል ያስተምር ነበር። በ1980 ደግሞ ከባለቤቱ ከፍራንሷዝ ሙሊ ጋር «ሮው» የተባለ መጽሔት ጀመረ። ሙሊ የማተሚያ ሥራ ተምራ ማሽኑን መኖሪያ ቤታቸው ተከለችው። የሚኖሩበትን የሶሆ ሰፈር ካርታ እያሳተመችም ከማስታወቂያው በሚገኘው ገንዘብ መጽሔቱን ትደጉም ነበር።

ታዲያ «ማውስ» መቼ ተሠራ? በምዕራፍ በምዕራፍ። ምዕራፎቹ ሲያልቁ በአብዛኛው በትንሽ ጥራዝ መልክ «ሮው» ውስጥ ይገቡ ነበር። ሠዓሊው ሦስት መቶ ገጽ እያሰበ አልተጨነቀም፤ የሚያሳስበው የሚቀጥለው ምዕራፍ ነበር። መሣሪያውም ቀላል ነው፦ ብዕርና የታይፕ ወረቀት። ብዙዎች በትልቁ ሥለው ለኅትመት ሲያሳንሱ፣ እሱ መጽሐፉ በሚታተምበት ልክ ይሥል ነበር።

ታሪኩ የአባቱ የቭላዴክ ነው። ከኦሽዊትዝ የሞት ካምፕ የተረፈ የፖላንድ አይሁዳዊ። እናቱ አንያም ከዚያው የተረፈች ነበረች፤ ያየችውን በማስታወሻ ጽፋ ነበር። እሷ በ1968 ካለፈች በኋላ ግን አባትየው ማስታወሻዋን አቃጠለው። ልጁ እጅ ላይ የቀረው የአባቱ አንደበት ብቻ ነበር። ቴፕ እየከፈተ ጠየቀው፤ ቀዳው። በ1982 ቭላዴክ ሞተ። መጽሐፉ ገና ግማሽ አልደረሰም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ስፒገልማን «ሥራ ሲቀንስልኝ፣ ጊዜ ሳገኝ» ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ የአባትየውም ቃል እንደ እናትየው ማስታወሻ በጠፋ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የመጀመሪያው ክፍል በ1986 በመጽሐፍ ወጥቶ ዝና ሲያመጣ ሠዓሊው እፎይ አላለም። በሁለተኛው ክፍል ራሱን የሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ መሥራት አቅቶት፣ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ አሳይቷል። ሁለት ሦስት ሥራ ያላስቆመውን እጅ ሙገሳ ሊያስቆመው ነበር። ያም ሆኖ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ተመለሰ። በ1992 «ማውስ» ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ ለኮሚክ መጽሐፍ ያልተለመደ ክብር ነው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ብዙ ሰው ትዕግሥትን ብቻ ይሰማል። ተረቱ ግን «ይሄዳል» ነው የሚለው። በወር ሁለት ገጽ ትንሽ ነው፤ ቆሞ ከመጠበቅ ግን እጅግ ይበልጣል። የሥራ ብዛት የሚያልቅበት ቀን አይመጣም። የሚያልቁት ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።