ተያዥ የሌለው ወጣት፦ የሰፈር ንግድ ቤቶችና የአዲስ አበባ ጎዳና ተዳዳሪዎች

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚያድር ወጣት ከንግዱ ዓለም ርቆ አይኖርም። መርካቶ ውስጥ ጭነት ያራግፋል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ለታክሲ ተሳፋሪ ይጣራል፣ ለምግብ ቤቶች ውኃ ይቀዳል፣ ማታም ከተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ይተኛል። ከሆቴል የሚወጣውን ትርፍራፊ ምግብ፣ ቡሌ የሚሉትን፣ የሚበላውም እሱ ነው። ነጋዴውና ወጣቱ በየቀኑ ይተያያሉ፤ ብዙ ጊዜም አብረው ይሠራሉ። ሆኖም ግንኙነታቸው በቃል የሚያልቅና በዕለት ሒሳብ የሚዘጋ ነው፤ ወጣቱም ነገ የሚጠይቀው መብት የለውም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ከዕለት ጉልበት ወደ ቋሚ ቅጥር የሚወስደው መንገድ የት ላይ እንደተቆረጠ ነው።

የጎዳና ተዳዳሪዎች ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው ምግብ ነው። በዚህ ረገድ ከተማዋ የቆየ ልምድ አላት። ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ የምግብ ኩፖን ይሸጣል፤ ገዢው ኩፖኑን ለተቸገረ ሰው ይሰጣል፣ ተቀባዩም በድርጅቱ መመገቢያ ይበላበታል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ በተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት ያበላል፤ ባለሀብቶችም እጃቸውን ዘርግተዋል። ይህ ነፍስ ያቆያልና ሊቋረጥ አይገባም። ነገር ግን ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣት ዓመት ከዓመት ተመጋቢ ብቻ ሆኖ ከቀረ፣ ከነጋዴው ሊያገኘው የሚችለውን ትልቁን ነገር፣ ሥራን፣ አላገኘም።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ዋናው እንቅፋት የሙያ ማነስ ሳይሆን የተያዥ እጦት ነው። አስተናጋጅ፣ የጥበቃ ሠራተኛ ወይም የመጋዘን ረዳት ሊቀጥር የፈለገ ድርጅት ከሁሉ በፊት ተያዥ ይጠይቃል። ተያዡ ደግሞ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ የሚያጽፍ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው መሆን አለበት። ከገጠር ብቻውን የመጣ፣ ወይም ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ ወጣት ይህን ሰው ከየት ያመጣዋል? መታወቂያ ለማውጣትም ከነበረበት ቀበሌ መሸኛና በከተማው አድራሻ ይጠየቃል፤ አድራሻ ቤት ይፈልጋል፣ ቤት ኪራይ፣ ኪራይ ሥራ፣ ሥራ ደግሞ ተመልሶ መታወቂያና ተያዥ።

በዚህ ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ትርፏ በጣም ቀጭን ለሆነች ሱቅ አንድ ስርቆት የወሩን ድካም ሊበላ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ተያዥን የቅጥር ቅድመ ሁኔታ አላደረገም፤ ይልቁንም እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲስማሙ ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ ያልሆነን ሠራተኛ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። ይህ መተማመኛ ለማይበቃው ደግሞ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ መንገድ ይከፍታል። በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተወሰነበት የዋስትና ውል አይጸናም። ዋስትና ጣሪያ ካለው ደግሞ ሸክሙን መከፋፈል ይቻላል። በአንድ መንገድ ላይ የሚሠሩ አሥር ነጋዴዎች ትንሽ ትንሽ አዋጥተው የጋራ የዋስትና ገንዘብ ቢያስቀምጡ፣ የአንዱ ጉዳት ማንንም አያከስርም። ዕቁብ የሚጥሉና በዕድር የተሳሰሩ ሰዎች ለእንዲህ ያለው አሠራር እንግዳ አይደሉም።

ስለ ወጣቱ ጠባይ የሚመሰክር ሰውም አለ። ሁለት ዓመት በረንዳው ላይ ያሳደረው፣ ዕቃ አሸክሞ የላከው፣ ጠዋት ቁልፍ ሲከፍት የሚያገኘው ባለሱቅ፣ ወረቀት ላይ ከሚፈርም የሩቅ ዘመድ የበለጠ ያውቀዋል። ይህ ዕውቀት ዛሬ በከንቱ እየባከነ ነው። ባለሱቁ ስለ ጠባዩ የሚገልጽ ደብዳቤ ቢጽፍለት ዕውቀቱ ማስረጃ ይሆናል። በብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ በፋይዳ ምዝገባም ሰነድ የሌለው ሰው በተመዘገበ ምስክር አማካይነት የሚመዘገብበት አሠራር ስላለ፣ አብሮ ሄዶ መመስከር ለአንድ ነጋዴ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቅጥሩ ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው ወር ብዙዎችን ይጥላል። በዕለት ገቢ ይኖር የነበረ ወጣት ደመወዝ እስኪደርስ 30 ቀን ምን በልቶ፣ የት አድሮ ይሠራል? ሥራውን ጥሎ ወደ ሸክም ቢመለስ ስንፍና ተብሎ ይተረጎምበታል፤ ምክንያቱ ግን ረኃብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ደመወዝ በወር ብቻ ይከፈል ስለማይል፣ ለሦስት ወር ያህል በየሳምንቱ መክፈል አሠሪውን ተጨማሪ ወጪ አያስወጣውም። ገላ መታጠቢያና ልብሱን የሚቆልፍበት ሳጥንም ያስፈልጉታል፤ ጎዳና ላይ ያደረ ልብስ በሰላም አያድርምና።

አንድ አደጋ ግን በግልጽ መነገር አለበት። ማደሪያ ሰጥቻለሁ በሚል ሰበብ ቀን ያለ ደመወዝ ማሠራት፣ ሌሊት ደግሞ ሱቅ ማስጠበቅ ድጋፍ ሳይሆን ብዝበዛ ነው። ማደሪያውና ሥራው በአንድ ሰው እጅ ሲሆኑ ወጣቱ መብቱን ለመጠየቅ አፉን አይከፍትም። ለወጣት ሴቶች ይህ ጥገኝነት ለፆታዊ ጥቃትም በር ይከፍታልና ማደሪያቸው ከአሠሪው ውጭ በሆነ አካል ቢያዝ ይሻላል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 የሆኑትን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው።

የከተማዋ የንግድ ማኅበራትና የየሰፈሩ ዕድሮች አዲስ ድርጅት እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በአንድ መንገድ፣ በጥቂት ወጣቶች፣ ጣሪያው በጽሑፍ በተወሰነ የጋራ ዋስትና ይጀምሩ፤ የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ውሉን መዝግቦ ይከታተል።