የስብርባሪ ሴራሚክ ሞዛይክ

የስብርባሪ ሴራሚክ ሞዛይክ የተሰበሩ ወይም ከግንባታ የተረፉ ሴራሚኮችን፣ ሳህኖችንና ሲኒዎችን በሲሚንቶ ወይም በማጣበቂያ ላይ በመደርደር ግድግዳን፣ ወለልንና የቤት ዕቃን የማስጌጥ ዘዴ ነው። በካታላንኛ «ትሬንካዲስ» ይባላል፤ ስያሜው «መስበር» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ዋናው ቁሳቁስ ብዙ ጊዜ ሊጣል የነበረ ነገር በመሆኑ ቤትን በአነስተኛ ገንዘብ ለማስዋብ ያገለግላል።

ታሪክ

በጥንታዊ ግሪክና ሮም ሞዛይክ የሚሠራው በአብዛኛው ከጠጠር ወይም ተመጥነው ከተቆረጡ ትናንሽ ድንጋዮችና ብርጭቆ ነበር። የሴራሚክ ስብርባሪ በሰፊው የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በባርሴሎና ነው። አርክቴክት አንቶኒ ጋውዲ (1852–1926 እ.ኤ.አ.) ሕንፃዎቹን በጎባጣና በተጠማዘዘ ቅርጽ ይሠራ ስለነበር፣ ጠፍጣፋ ሙሉ ሴራሚክ በእነዚህ ላይ አይገጥምም ነበር፤ ትናንሽ ስብርባሪዎች ግን ቅርጹን ተከትለው ይለጠፋሉ። ከ1900 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. በተሠራው በፓርክ ጉዌል የሚገኘው ጠመዝማዛ ረጅም መቀመጫ የዚህ ዘዴ ዝነኛ ምሳሌ ነው። በመቀመጫው ሥራ ጆሴፕ ማሪያ ጁጆል ከጋውዲ ጋር ተሳትፏል። ፓርኩ በ1984 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዘዴው በዝቅተኛ ገቢ በሚኖሩ ሰዎች ቤትም ታይቷል። በፈረንሳይ ሻርትር ከተማ የመካነ መቃብር ሠራተኛ የነበረው ሬሞን ኢዚዶር (1900–1964 እ.ኤ.አ.) ከሜዳና ከቆሻሻ መጣያ በለቀመው የሸክላና የሳህን ስብርባሪ የቤቱን ግድግዳ፣ ወለልና ዕቃዎች ሸፍኗል። ቤቱ ዛሬ በቅርስነት የተጠበቀ ሲሆን ለጎብኚዎች ክፍት ነው። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ጣሊያናዊው ስደተኛ ሳይመን ሮዲያ ከ1921 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. በግቢው ውስጥ በብረትና በሲሚንቶ ማማዎችን ገንብቶ በሴራሚክ፣ በጠርሙስና በዛጎል ስብርባሪ አስጊጧቸዋል። የከተማው አስተዳደር ማማዎቹ አደገኛ ናቸው ብሎ እንዲፈርሱ ቢያዝም፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የጥንካሬ ሙከራውን አልፈው ሳይፈርሱ ቀርተዋል።

በኢትዮጵያ ከተሞች የእምነበረድና የሴራሚክ ስብርባሪ የግቢ መሬትን ለማንጠፍ ሲውል ይታያል።

ቁሳቁስ

ለመደበኛ የሴራሚክ ሥራ፣ ለቁራጭና ለስብራት ተብሎ ከሚያስፈልገው መጠን 10 በመቶ ያህል ተጨማሪ መግዛት የተለመደ ነው። የስብርባሪው አንዱ ምንጭ ይኸው ትራፊ ነው። ከተለያዩ ካርቶኖች የተረፉ ሴራሚኮች ቀለማቸው ስለሚለያይ ለአንድ ወጥ ወለል አይመቹም፤ ለሞዛይክ ግን ልዩነቱ ጌጥ ይሆናል።

ሁሉም ሴራሚክ ለሁሉም ቦታ አይሆንም። በጀርባው ላይ የተደረገን የውሃ ጠብታ ቶሎ የሚመጥ ሴራሚክ ለቤት ውስጥ ደረቅ ግድግዳ ይሻላል። ለግቢና ለመታጠቢያ ቤት ወለል ውሃ የማይመጥና የማያንሸራትት ዓይነት ይመረጣል።

አሠራር

መሠረቱ ጠንካራ፣ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለበት። የሚላቀቅ ልስን ወይም የሚረግፍ ቀለም ካለ አስቀድሞ ይነሣል፤ አለዚያ ሞዛይኩ አብሮት ይወድቃል። ሴራሚኩ በወፍራም ጨርቅ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ በመዶሻ ይሰበራል። ተቀራራቢ ውፍረት ያላቸው ስብርባሪዎች ተመርጠው፣ ማጣበቂያው ከመቀባቱ በፊት በመሬት ላይ ተደርድረው ይሞከራሉ። ማጣበቂያው ቶሎ ስለሚደርቅ በአንድ ጊዜ የሚቀባው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተለጥፎ የሚያልቀውን ስፋት ያህል ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ በስብርባሪዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በነጭ ሲሚንቶ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ መሙያ ይሞላል፤ ትርፉም ሳይጠነክር በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል።

ወጪ

ስብርባሪው በነጻ ቢገኝም ማጣበቂያው፣ የክፍተት መሙያውና የእጅ ሥራው ወጪ አላቸው። ስብርባሪው ባነሰ ቁጥር ክፍተቱ ይበዛል፤ መሙያውም ሥራውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ባለሙያ በቀን ሒሳብ ቀጥሮ ሰፊ ክፍልን በዚህ ዘዴ መሸፈን ሙሉ ሴራሚክ ከማንጠፍ ሊወደድ ይችላል። ቁጠባው በግልጽ የሚታየው ባለቤቱ ራሱ በሚሠራቸው አነስተኛ ቦታዎች ላይ ነው፤ ለምሳሌ ከእቃ ማጠቢያ በላይ ያለ ግድግዳ፣ የደረጃ ግንባር፣ የጠረጴዛ ገጽና የአበባ መትከያ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ 1.2 ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

ጥንቃቄ

ሲሰበር የሚፈናጠረው ቁራጭ ዓይንን ሊያሳውር ስለሚችል መከላከያ መነጽር ያስፈልጋል። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ጓንት ይደረጋል። ሴራሚክ በማሽን ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ በውሃ እያረጠቡ መቁረጥ ይመከራል። እጅና እግር በሚነካቸው ቦታዎች የስብርባሪው ስለት እንዲደንዝ በሞረድ ይለሰልሳል፤ ሕፃናት በባዶ እግራቸው በሚሄዱበት ወለል ላይ ግን ዘዴው አይመከርም።